ጋሽ ጥራት በትኩስ ሥጋ ላይ የያዙት አቋም

የሰው ልጅ እሳት ማንደድ ከተማረበት ዘመን ወዲህ በሥጋ ጉዳይ ላይ እንደ ሚስቴ አባት የማያወላውል አቋም የያዘ ሰው ስለመኖሩ እስካሁን የተገኘ መረጃ የለም። ይህን የምለው አማቻቸው ስለሆንኩና በቤታቸው ስለምኖር አይደለም። እርግጥ ነው፣ አማቻቸው ነኝ። እርግጥ ነው፣ የምንኖረውም በሳቸው ቤት ነው። ቢሆንም እውነት እውነት ናት።

ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ጋሽ ጥራት» በሚለው ስም ነው። በአንድ የቀለም ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር መምሪያ ኃላፊ ሆነው ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ነጩ ቀለም ነጭ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ መሆኑን ሳያረጋግጡ አንዲት ቆርቆሮ ከበር አላስወጡም። ከዚያ ጡረታ ወጡ። የወጡት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ጥራቱ አልወጣም። ጥራቱ ተከትሏቸው ቤት መጣ፣ ጥቂት ቀን ሶፋ ላይ ሥራ ፈትቶ ተጋደመ፣ ከዚያ ብድግ ብሎ ወጥ ቤት ገባ።

የወጥ ቤቱን ነባራዊ ሁኔታ በጥልቀት ከገመገሙ በኋላ፣ ቤተሰቡ ለምሳ በተሰበሰበበት መግለጫ ሰጡ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ ማንኪያቸውን እንደ ማይክሮፎን ጨብጠው፣ «በዚህ ቤት በረዶ የነካው ሥጋ አይገባም። ሥጋ ማለት ጠዋት ታርዶ ቀን የተበላ ነው። ያደረ ሥጋ፣ ሥጋ አይደለም። ትዝታ ነው።»

ሚስቴ ሳቋን በውኃ አወራረደችው። እኔ በአድናቆት ራሴን ነቀነቅኩ፤ በሰው ቤት የሚኖር አማች ዋና የሥራ ድርሻው እሱ ነው። ጥያቄ ያነሱት የሚስቴ እናት፣ እማማ ብቻ ናቸው።

«በየቀኑ ማን ሊገዛ ነው?»

ጋሽ ጥራት በጥያቄው ተራነት አዘኑ። «እኔ የማወራው ስለ መርህ ነው። አንቺ ዝርዝር ውስጥ ገባሽ።»

ዝርዝሩ እንዲህ ነበር። እማማ ልብስ ሰፊ ናቸው። በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ውስጥ ስፌት መኪናቸው፣ ረጅም የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛቸውና ለአንድ ትምህርት ቤት ሊሰፉ የተቀበሉት ግራጫ የደንብ ልብስ ጣቃ ነበር። መርሁ በጸደቀ ማግስት እማማ መቀሳቸውን አስቀምጠው ዘንቢል አነሡ። ገበያውን አቋርጠው ልኳንዳ ቤቱ ድረስ ሄዱ፣ ተሰለፉ፣ ከፊታቸው ያለችው ሴትዮ ከስቡ ቀንስልኝ ከአጥንቱ ቀንስልኝ እያለች ስትከራከር ቆመው ጠበቁ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ ተመለሱ። በማግስቱም እንዲሁ። በማግስቱ ማግስትም። ከገበያ ሲመለሱ ግማሹ ቀን ሄዷል፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ምድጃው ይወስደዋል። ግራጫው ጣቃ ግን እዚያው እንደተጠቀለለ ነው።

ጋሽ ጥራት የሚስታቸውን ድካም ሳያዩ ቀሩ ማለት ግፍ ይሆናል። አይተዋል። እንዲያውም አንድ ቀን በር ላይ ተቀብለዋቸው፣ «ጎሽ! የእግር ጉዞ ለጤና ጥሩ ነው» ብለው አበረታተዋቸዋል።

አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህርት መጣች። ጣቃውን አየች። የተሰፋውን ፈለገች፤ አንድ እጅጌ አገኘች።

«እማማ፣ ልጆቹ በአንድ እጅጌ ሊማሩ ነው?» አለች። ተቆጥታ አልነበረም፤ አዝና ነበር፤ እሱ ይብሳል። «ትምህርት እስኪከፈት ካልደረሰልኝ ለሌላ ሰፊ መስጠቴ ነው። ምን ላድርግ?»

እማማ ርእሰ መምህርቷን በር ድረስ ሸኝተው ተመለሱና አንዷን እጅጌ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ሲያዩዋት ቆዩ። ከጋብቻቸው በፊት ጀምሮ የሚሠሩት ሥራ ነው። ጀምረው ያልጨረሱት ልብስ፣ ሰጥተው ያላከበሩት ቀጠሮ አልነበረም።

ሴራው የተጠነሰሰው ያን ዕለት እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። ሴረኞቹ እማማ፣ ሚስቴና እኔ ነበርን። ጋሽ ጥራት ወደ ጡረተኞች ማኅበር ስብሰባ በሄዱበት ቀን፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት አንድ ረጅም ፍሪዘር በጓሮ በር አስገባን። የጨርቅ መቁረጫውን ጠረጴዛ አውጥተን እሱን በቦታው አጋደምነው። እስከ መሬት በሚደርስ ወፍራም ጨርቅ አለበስነው። ከላዩ መቀሱን፣ ሜትሩንና ጠመኔውን ደረደርን። ሚስቴ ራቅ ብላ አየችውና፣ «እንዲያውም ከድሮው ጠረጴዛ ይሻላል» አለች። ይሻል ነበር። የድሮው አንድ እግሩ ያነክስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥጋ በሳምንት አንዴ ይገዛል። እማማና ሚስቴ ለአንድ ምሳ የሚበቃውን እየለዩ፣ በፌስታል እያደረጉ፣ አየሩን እየጨመቁ፣ በመዳፋቸው እየደፈጠጡ፣ እንደታጠፈ ሸሚዝ ይደረድሩታል። የነገው ምሳ ዛሬ ከፍሪዘር ወጥቶ፣ ክዳን ባለው ድስት ውስጥ ሆኖ፣ የወጥ ቤቱ ፍሪጅ የታችኛው ክፍል ውስጥ በረዶው ቀስ ብሎ ሲለቀው ይውላል፣ ያድራል። ጋሽ ጥራት ድስት አይከፍቱም። ኃላፊ ድስት አይከፍትም።

ለቤቱ ሰላም ሲባል ግን የቀድሞው አሠራር ከነሙሉ ክብሩ ቀጠለ። እማማ በየጠዋቱ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው፣ «እንግዲህ ልሂድ» ብለው፣ በፊት በር ይወጡና በጓሮ በር ይገባሉ። ያን ሰዓት የሚሰማው የስፌት መኪና ድምፅ የጎረቤት ነው ተባለ።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ቀረበ። ጋሽ ጥራት ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኛ ትንፋሻችንን ያዝን።

«ይሄ ሥጋ» አሉ በመጨረሻ፣ «ዛሬ ጠዋት ሣር ሲግጥ ነበር።»

«እውነትዎን ነው አባባ» አልኩ፣ «እንዲያውም ሣር ሣር ይላል።»

ሚስቴ ከጠረጴዛው ሥር ቅልጥሜን መታችኝ።

የደስታ ዘመን መጣ። እማማ ይሰፋሉ፤ ጣቃው ይቀንሳል፤ ግራጫ ሱሪዎች ወንበሩ ላይ ይቆለላሉ። ጋሽ ጥራትም ምሳ ከበሉ በኋላ ወደ ስፌት ክፍሏ ጎራ ይላሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ክርናቸውን ተደግፈው ስለ በረዶ ሥጋ ጉዳት ትምህርት ይሰጣሉ። ቅዝቃዜ የሥጋን ክብር እንደሚነካ፣ ዓለም የተበላሸችው ሰው ምሳውን በረዶ ውስጥ መቅበር የጀመረ ዕለት እንደሆነ በሰፊው አብራሩ። ይህን ሲሉ የክርናቸውን ቆዳ ከአንድ በሬ ግማሽ ጎን የሚለየው ጨርቅና ክዳን ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ንግግራቸውን ድንገት አቋረጡ። «ይሄ ጠረጴዛ ለምንድነው የሚንቀጠቀጠው?»

እማማ ከስፌታቸው ቀና እንኳ አላሉም። «አንተ ስትናገር የማይንቀጠቀጥ አለ?»

ጋሽ ጥራት በትሕትና ፈገግ አሉና ቀጠሉ።

ይህ ሁሉ በሰላም ይዘልቅ ነበር፣ ጋሽ ምርት ባይመጡ። ጋሽ ምርት በዚያው የቀለም ፋብሪካ የምርት ክፍል ኃላፊ የነበሩ ናቸው። ምርትና ጥራት በአንድ ግቢ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም። ጡረታ ሲወጡ ግን ሌላ የሚጣሉት ሰው ስላጡ መጠያየቅ ጀመሩ።

ጋሽ ምርት ምሳ ቀርቦላቸው በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ «ግሩም ሥጋ ነው። የፍሪዘር ነው አይደል?» አሉ።

እኔ ማኘኬን አቆምኩ። እማማ ድንች ጨመሩላቸው፤ ሳይጠየቁ።

«ምን አልክ?» አሉ ጋሽ ጥራት።

«የኛም ቤት እንዲሁ ነው። ሲያድር ይለሰልሳል።»

«አንተ ሰው፣ ቀለሙ በወጉ ሳይቀላቀል ታሽግ የነበርክ አንተ ነህ እኮ! አንተ ስለ ጥራት ምን ታውቃለህ? እኔ በረዶ የነካውን ሥጋ ዓይኔን ሸፍናችሁ ብታቀርቡልኝ በአንድ ጉርሻ እለየዋለሁ!»

«እንሸፍንሃ!» አሉ ጋሽ ምርት።

ውድድሩ ለነገ ምሳ ተቀጠረ። አንዱ ሳህን ትኩስ፣ አንዱ ሳህን የበረዶ። ወዲያው ግን አንድ መሠረታዊ የአቅርቦት ችግር ተነሣ።

«በዚህ ቤት የበረዶ ሥጋ የለም» አሉ ጋሽ ጥራት ደረታቸውን ነፍተው። «ከየት ሊመጣ ነው?»

«ከጎረቤት ልጠይቅ» አሉ እማማ። ወጡ። የከፈቱት በር ተመልሶ ሳይገጥም መጡ፤ በእጃቸው እንደ ጡብ የደረቀ ፌስታል ይዘዋል።

ጋሽ ምርት የእማማን እግር አዩ። ባዶ እግራቸውን ናቸው። «ጎረቤታችሁ ቅርብ ናቸው» አሉ።

«በጣም» አሉ እማማ።

ጋሽ ጥራት ይህን አልሰሙም። ፌስታሉን ተቀብለው በጣታቸው አንኳኩት። ኳ! ኳ! አለ። «ስሙት! ይሄ ሥጋ ነው በር?» ብለው እንደ ሞተ አይጥ ከራሳቸው አርቀው መለሱት።

ትኩሱን ሥጋ ግን ለማንም አላመኑም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ እኔን አስከትለው ቄራ ሄዱ። ስለ ሥጋ ያን ሁሉ ሲናገሩ ኖረው ሥጋ ሊገዙ ሲወጡ የመጀመሪያ ቀናቸው ነበር። በሬውን በዓይናቸው መረጡ። ሲታረድ አጠገቡ ቆመው ተመለከቱ፤ ትንሽ ገርጥተዋል፣ ግን አልተነቃነቁም። ገና ሙቀቱ ያልለቀቀውን ሥጋ እንደ አራስ ልጅ አሳቀፉኝ። መንገድ ላይ፣ «ቀስ! እንዳይበርደው!» እያሉ አሥር ጊዜ ተቆጡኝ። ቤት እንደደረስን በቀጥታ ምድጃ ላይ ወጣ።

ሁለቱም ሥጋ በአንድ ዓይነት ዘይት፣ በአንድ ዓይነት ጨው ተጠበሰ። ትኩሱ አበባ ባለው ሳህን፣ የበረዶው በነጩ ሳህን እንዲሆን ያዘዙት ራሳቸው ጋሽ ጥራት ናቸው። ሚስቴ ከደንብ ልብሱ በተረፈ ግራጫ ቁራጭ ዓይናቸውን አሰረች። እኔ ሳህን አቅራቢ ሆንኩ። ጋሽ ምርት ታዛቢ ሆነው ተቀመጡ። እማማ አንድ ቀሚስ ይዘው መጥተው ጠርዙን በእጃቸው መስፋት ጀመሩ፤ ጊዜ አልነበራቸውም።

መጀመሪያ ነጩን አቀረብኩ። ጎረሱ፣ አኘኩ፣ ዋጡ። ፊታቸው በራ።

«ይኸውላችሁ! ሣሩ አለ፣ ፀሐዩ አለ። አፍ ውስጥ ይቀልጣል። ይሄ ትኩስ ነው፤ በዚህ አልከራከርም።»

ቀጥዬ አበባ ያለበትን አቀረብኩ። ጎረሱ። አኘኩ። አኘኩ። በግራ ጉንጫቸው ሞከሩ፣ ወደ ቀኝ አዛወሩ። መንጋጋቸው ድምፅ አሰማ። እማማ የቀሚሱን አንድ ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ዞሩ። ጋሽ ጥራት ገና ያኝካሉ። በመጨረሻ ተሸንፈው ተፉት።

«ጎማ!» አሉ። «ይሄ ሥጋ አይደለም። ነፍስ የሌለው ነገር ነው! ይሄን ለሰው ያቀረበ፣ ማን እንደሆነ ተጣርቶ መጠየቅ አለበት!»

«ይጠየቃል» አሉ ጋሽ ምርት ረጋ ብለው። «ሰውየው እዚሁ ነው።»

ጋሽ ጥራት የዓይናቸውን ጨርቅ አወረዱ። ከፊታቸው አበባ ያለበት ሳህን ነበር፤ የተፉትም እሱ ላይ።

«ተቀያይሯል» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ ከእጄ አልወጣም» አልኩ፤ ወዲያውም ምላሴን በነከስኩት አልኩ።

«እንግዲያው ቄራው አታሎኛል።»

«በዓይንህ ፊት አይደል እንዴ የታረደው?» አሉ ጋሽ ምርት። «ምን አስቸኮለህ? በሬው ገና መሞቱን አላመነም። አንድ ሁለት ቀን ስጠው እንጂ!»

ማንም አልሳቀም። መሳቅ የፈለግነው በኋላ ነው። ጋሽ ጥራት ነጩን ሳህን አዩ፣ ከዚያ ሚስታቸውን።

«የትኛው ጎረቤት ነው?» አሉ በቀስታ።

እማማ ቀሚሱን አስቀመጡ። ተነሥተው ወደ ስፌት ክፍላቸው መሩን። መቀሱን፣ ሜትሩንና ጠመኔውን አንድ በአንድ አነሡ። ጨርቁን ገለጡ። ክዳኑን ከፈቱ። ነጭ ጭጋግ እየተንከባለለ ወጣ፤ ከሥሩ የተደረደሩት ፌስታሎች ታዩ።

ጋሽ ጥራት ክርናቸውን ዳሰሱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሥጋው ጥሩ ነው ማለት ከጀመርክበት ቀን ጀምሮ።»

ጋሽ ምርት ባርኔጣቸውን ፈልገው ሹልክ ብለው ወጡ፤ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሽ ጥራት መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ራት አልበሉም። እማማ ሻይ ይዘው ሁለት ጊዜ ደጃፉ ድረስ ሄደው ሁለቴም ተመለሱ። «ሰውየው እንዳይታመምብኝ» አሉ። «ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዝም ሲል አላውቅበትም።»

አልታመሙም። ጠዋት ከረባታቸውን አስረው ወጡ፤ ማንኪያቸውንም አነሡ።

«ባደረግኩት ሰፊ ጥናት መሠረት» አሉ፣ «ሥጋን ሳያቀዘቅዙ መብላት ኋላ ቀርነት መሆኑ ተረጋግጧል። ይህ ቤት ከዛሬ ጀምሮ የፍሪዘር ቤት ነው።»

«አባዬ፣ አቋምህን ቀየርክ ማለት ነው?» አለች ሚስቴ።

«አቋሜ አልተቀየረም። አቋሜ አድጓል።»

በዚሁ ዕድገት መሠረት ጋሽ ጥራት ወንበራቸውን ይዘው ወደ ስፌት ክፍሏ ተዛወሩ። ፍሪዘሩ መቀዝቀዙን ለማረጋገጥ ክዳኑን ይከፍታሉ። መዘጋቱን ለማረጋገጥ ደግመው ይከፍታሉ። ፌስታሎቹን በመጠን ይደረድራሉ፤ ከምሳ በኋላ በቀለም ይደረድራሉ። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እማማ ቆርጠው የዘረጉትን ጨርቅ ሰብስበው ማንሣት አለባቸው።

«አንዴ አንሺልኝማ፣ ልፈትሽ።»

«አሁን እኮ ፈተሽክ!»

«ያ የድንገተኛ ፍተሻ ነበር። ይሄ መደበኛው ነው።»

ትኩስ ሥጋ በነገሠበት ዘመን እማማ ግማሽ ቀን ያጡ ነበር፤ የበረዶው ዘመን ሲመጣ ሙሉውን አጡ። ሥጋውም ቢሆን ክዳኑ ከመከፈቱ ብዛት በረዶው ይለቀው ጀመር። አንድ ቀን ጋሽ ጥራት ካነሡት ፌስታል ቀላ ያለ ጠብታ ወርዶ በአንዱ አዲስ ግራጫ ሸሚዝ አንገት ላይ አረፈ። ትምህርት ሊከፈት የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። እማማ ሸሚዙን አንሥተው ጠብታውን አዩ። እኔና ሚስቴ በር ላይ ሆነን፣ ዛሬ አንድ ነገር ሊፈነዳ ነው አልን።

እማማ ግን ወንበር ስበው ከባላቸው ፊት ተቀመጡ። ድምፃቸው ማር ነበር።

«ስማኝማ። አንተ ፋብሪካው ውስጥ ትልቅ ኃላፊ ነበርክ?»

«ነበርኩ እንጂ!»

«ቆርቆሮውን የምትከፍተው አንተ ነበርክ?»

ጋሽ ጥራት የተሰደቡ መሰላቸው። «እኔ? ቆርቆሮ የሚከፍት ሠራተኛ አለ!»

«ታዲያ ምነው ዛሬ የፍሪዘር ክዳን ከፋች ሆንክ? እኔ አንተን እንዲህ ሳይህ ያመኛል። የዚህ ቤት ትልቁ ክፍተት እዚህ አይደለም። ከምንጩ ነው። ግዢው ላይ ሰው የለንም።»

ጋሽ ጥራት እጃቸውን ከክዳኑ አነሡ። «ግዢ?»

«ግዢና ጥራት። አንድ ላይ። ማሸጉም በዚያው ሥር ነው የሚሆነው። ግን ይከብድሃል፤ ለጋሽ ምርት ብንሰጠውስ እያልኩ ነው።»

«ለማን?!» ጋሽ ጥራት ከወንበራቸው ተነሡ። ከረባታቸውን አስተካከሉ። «ዘንቢሉ የት አለ?»

ዛሬ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ዘንቢል ይዘው፣ ገበያውን አቋርጠው የሚሄዱት ጋሽ ጥራት ናቸው። ይሰለፋሉ። ከስቡ ቀንስ ከአጥንቱ ቀንስ እያሉ ይከራከራሉ። ላባቸው ጠብ እያለ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ይቆርጣሉ፣ በፌስታል ያደርጋሉ፣ በመዳፋቸው ይደፈጥጣሉ። ከዚያ አሰልፈው ለእማማ ያስረክባሉ። ክዳኑን እማማ ይከፍታሉ፤ ክዳን መክፈት የበታች ሥራ ነው። የደንብ ልብሱ ትምህርት በሚከፈትበት ዋዜማ ተጠናቆ ሄደ፤ ሁለት እጅጌ ሁለት እጅጌ ሆኖ። ርእሰ መምህርቷ ለሚቀጥለውም ዓመት አዘዘች።

ያን ቀን ከሚስቴ ጋር ወጥ ቤት ቁጭ ብለን እስኪያመኝ ሳቅኩ። «አባትሽ እኮ ዘንቢል አሸክመዋቸው ሹመት መሰላቸው! ሰው እንዴት እንዲህ ይሸወዳል?»

ሚስቴ አልሳቀችም። በጣም በቁም ነገር አየችኝ።

«አባዬን ተወው፣ አርጅቷል» አለች። «እኔና እማዬን ያስጨነቀን ሌላ ነው። አንድ ከፍ ያለ ቦታ ክፍት ሆኖብናል። ዘመናዊ፣ የተማረ፣ ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው ይፈልጋል። የሚመጥን አጣን።»

ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። «ምን ዓይነት ቦታ ነው?»

«የወጥ ቤት ንጽሕና ዋና አስተባባሪ።»

ሰው ታምኖበት ሲመረጥ እንቢ ማለት ነውር ነው። ኃላፊነቱን በሙሉ ልብ ተቀብያለሁ። ሥራው ቀላል አይደለም፤ በተለይ ድስቱ፤ የፍሪዘሩም የውስጥ ግድግዳ ሲታጠብ ጣት ያደነዝዛል። ቢሆንም የሥራው ባሕርይ የኔን ዓይነት ሰው የሚጠይቅ መሆኑን ሚስቴም እናቷም በየቀኑ ያረጋግጡልኛል። ለጊዜው ያለኝ አንድ ቅሬታ ብቻ ነው፤ ምክትል እንዲመደብልኝ ጠይቄ መልስ እየጠበቅኩ ነው።